የጥብቁ ሣር አመድ

ቆቦ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ፍሬዓለም፣

ክብሪቱን ስትጭሪ አየሁሽ።

ዳገቱን ጨርሼ ብቅ ስል ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ነበር የቀራት። ዋጃ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ የዘገዩትን እንግዶች እየመራሁ ነው የመጣሁት። በአንድ እጄ የውኃ ጀሪካን፣ በሌላው ለማፍጠሪያ የያዝኩት ተምር ነበር። ድንኳኖቹ ጠጠሩ ሜዳ ላይ መሆን ነበረባቸው፤ ጠጠሩ ሜዳ ባዶውን ነው። ቀና ስል ሁሉም ከላይ፣ ጥብቁ ሣር መሐል ተተክለዋል። ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፤ ሰርግ ያለበት ቤት ይመስላል። አንቺ ከተከመረው እንጨት ፊት ቁጢጥ ብለሻል።

"ፍሬ፣ ተይ!" ብዬ ጮህኩ።

ሰምተሽ ነበር ወይስ አልሰማሽም? እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እጅሽን በክብሪቱ ዙሪያ ከልለሽ ጎንበስ አልሽ። ጭሱ ወጣ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከመንደሩ በኩል አዛን ተሰማ። ያን ዕለት በምን እንዳፈጠርኩ እስካሁን አላስታውስም።

ስልክ ደጋግመሽ ደውለሻል። ያላነሳሁት አውቄ ነው። በስልክ ታለቅሻለሽ፤ ስታለቅሺ እኔ ማባበል እጀምራለሁ፤ ስናበቃ ማን እንደበደለ ማን እንደተበደለ ይጠፋናል። ስለዚህ ጻፊልኝ።

በበላይነሽ በኩል በላክሽብኝ መልእክት "አንድ ምሽት የነደደ እሳት እንዴት አገር ያፈርሳል?" ብለሻል። በላይነሽ የቢሯችን ጸሐፊ ናት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሷ አፍ መስማት አልነበረብኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆቦ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ነግሬሻለሁ። ወረ ሳዶ ድረስ ወስጄሽ፣ አጎቴ ሙሐመድአሚን ቤት ወተት ጠጥተሽ፣ እሱ ራሱ ቆሞ አሳይቶሻል። ረሳሁት ካልሽ ግን እንደ አዲስ ስሚ።

ከዞብል ተራራ ትከሻ ላይ ያለው ያ ሜዳ የወረ ሳዶ ሰዎች ነው። ሽማግሌዎቹ "መርጋ" ይሉታል፤ በአያቶቻቸው ኦሮምኛ ሣር ማለት ነው። ክረምቱ ሲገባ እስላሙም ክርስቲያኑም ይሰበሰባል። ከየቤቱ አንድ ሰው አንድ ጭብጥ ሣር ቋጥሮ ይምላል፤ ሜዳው ይጠበቃል። እስከ ታኅሣሥ አንድ ሰኮና አይገባበትም። የማሽላው አገዳ አልቆ ቆላው ሲነድ በሬዎቹን የሚያተርፋቸው ያ ሣር ነው። እሳት የነደደበት ዕለት ግን ተከፈተ ማለት ነው። እሳት ያነደደ ሰፈረበት ይባላል፤ አንዱ ከሰፈረበት መሐላው ከሁሉም ትከሻ ይወርዳል። በማግስቱ እናንተ ድንኳን ስትነቅሉ ከብቱ በአራቱም ማዕዘን ሲገባ አይተሽ "እንዴት ያምራል!" ብለሽ ፎቶ አነሳሽ። ሰዎቹ እኮ ይሮጡ የነበሩት ድርሻቸውን ሌላው ሳይበላባቸው ለመድረስ ነው።

የእኛን "የክረምት ማግስት ጉብኝት" ፕሮጀክት ሕዝቡ እንዲቀበል የለመነልኝ አጎቴ ነው። የጥብቁ ዳኛ እሱ ነው። እንግዶች በሣሩ ዳር በእግር እንዲያልፉ፣ ወፎቹን እንዲያዩ፣ ከገደሉ አፋፍ ሆነው የአፋርን ሜዳ ቁልቁል እንዲመለከቱ፣ ጠጠሩ ሜዳ ላይ እንዲያድሩ። "ልጄ ናት፤ ዋሷ እኔ ነኝ" አለ። ዩኒቨርሲቲ የጻፍኩት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ያ ሁሉ ካርታና ሥዕል፣ ወረ ሳዶ ላይ አንዲት ጋት አላራመደኝም። ያራመደኝ ያ ቃል ነው።

መላው አንድ ብቻ ነው። እሳቱን የለኮሰው እጅ ራሱ ተመልሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት አመዱን አፈር ያለብሳል። "ያነደድኩት እኔ ነኝ፤ ዝጉት" ይላል። ካለበሰ፣ በመጪው ክረምት መሐላው እንደገና ይታሰራል። ካላለበሰ አይታሰርም። ሌላ ሰው በእሱ ፋንታ አይችልም። ቅጣት የለውም፣ ካሣ የለውም። ድንኳኑን እዚያ ያስተከለው አቶ ተዋቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ እሱ ነው። የሚፈለገው ግን እሱ አይደለም።

ነይ፣ ፍሬ። አንድ እፍኝ አፈር ነው።

ራቢያ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 23 ቀን 2000 ዓ.ም.

ራቢዬ፣

ዒድ ሙባረክ፣ ከነመዘግየቴ። ስትቆጪ የምትጽፊው ጽሑፍ እንዴት ያምራል! ቢሮ ውስጥ ደብቄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ የፍቅር ደብዳቤ መስሎት "ማነው ዕድለኛው?" አለኝ። ዕድለኛ!

እኔ ለመከራከር አልጽፍም። ብቻ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ጠጠሩ ሜዳ ላይ ካስማ አልገባ አለ። አቶ ተዋቸው ደግሞ "ይህን ድንጋይ ለማየት ማን ከአዲስ አበባ ይመጣል? ሥዕሉ አረንጓዴ መሆን አለበት" አለ። እኛ የጉዞ ድርጅት ነን፣ የአገሩ ኃላፊ እሱ ነው፤ ምን ልበል? እንጨቱን የእንግዶቹ ሾፌር ለቀመ። "ክብሪት ያለው?" ሲሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ። ቆቦ መብራት በጠፋ ቁጥር በጨለማ ስደናበር "ሴት ልጅ ክብሪት ከቦርሳዋ አይጠፋም" ብለሽ ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው እስካሁን አይጠፋም።

እመጣለሁ። እንዴት አልመጣም? አሁን ግን ሰዓቱ ነው፤ ዝናቡ እንዳበቃ እንግዳው ሁሉ በአንዴ ነው የሚወርደው፣ ላሊበላ ደርሼ ስመለስ ሌላው ይጠብቀኛል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ይቀላል። እስከዚያው ለከብቶቹ ፉርሽካ በአይሱዙ ልኬያለሁ፤ ሾፌሩ ጎብዬ ላይ የይግዛው ሻይ ቤት ያወርደዋል። ከልቤ ነው፣ እንዳትመልሺብኝ።

አጎታችን እንዴት ነው? አኩርፎኛል?

ያንቺው ፍሬ


ቆቦ፣ ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ፍሬዓለም፣

የኅዳር አጋማሽ አለፈ።

ፉርሽካው ጎብዬ ደርሷል። ይግዛው ጓዳ ተደርድሮ አይጥ እየበላው ነው። ከወረ ሳዶ የሚያነሳው ሰው የለም። ካነሱት ነገሩ በዚያ አለቀ፣ አንቺም መምጣትሽ ቀረ ማለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ይግዛው ጠርቶኝ "እባክሽ ራቢያ፣ ይኼን ነገር ገላግይኝ፤ ደንበኛው ወንበር ሲያጣ ፉርሽካው ላይ እየተቀመጠ ሻይ ማዘዝ ጀመረ። እኔ ሻይ ቤት ነው ያለኝ ወይስ የከብት በረት?" አለኝ። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ስለ ሥራዬ የሰማሽው እውነት ነው። አቶ ተዋቸው ስብሰባ ጠራና፣ "የአገሩ ልጅ ሆና ባህሉን አላሳወቀችንም፤ ከማኅበረሰቡ ጋር አጋጨችን" አለ። እዚያው ፊቱ ተቀምጬ።

"ነግሬዎታለሁ" አልኩ። "ጠጠሩ ሜዳ ላይ በኖራ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ቆመው አይተዋል።"

"የቦታ ምርጫ ነው ያሳየሽኝ እንጂ ክልክል ነው አላልሽም።"

"ብያለሁ። አጎቴም ብሎዎታል። ራስዎን ነቅንቀው ወተቱን ጠጥተዋል።"

"ለሁሉም ነገር አጎቴ፣ አጎቴ! ይህ የመንግሥትና የሕዝብ ፕሮጀክት ነው፣ የቤተሰብ ማኅበር አይደለም።"

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። "አንተ ፎቶህን አነሳህ፤ በሬ የሚያጡት እነሱ ናቸው" አልኩት። በላይነሽ ቀና ሳትል የምትጽፈውን አቆመች። በማግስቱ ስንብቴ በእጄ ተሰጠኝ። የመንገዱን ካርታ፣ የወፎቹን ዝርዝር፣ የደከምኩበትን ሁሉ አስረክቤ ወጣሁ። ካርታው ላይ አሁን የእሱ ስም ነው ያለው አሉ። ይሁን፤ እሱ እንኳ አላንገበገበኝም።

ያንገበገበኝን ልንገርሽ። ሳትመጪ ስትቀሪ ራሴ ላለብሰው ሄድኩ። አፈር በነጠላዬ ቋጥሬ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ከአመዱ አጠገብ ተንበረከክሁ። እማማ የሻረግ ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ እጄን ያዙኝ። ከመሐላዎቹ ሁሉ አንድ ያልቀረባቸው አሮጊት ናቸው።

"አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አሉ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያ ጥፋትሽን ሌላ ቦታ ቅበሪ። ይኼ እሳት ያንቺ አይደለም። የለኮሰችው ያቺ ነጭ ጫማ ያደረገችው ናት፤ ዓይኔ ገና አልጠፋም።"

"ካልመጣችስ?"

"ካልመጣችማ አንቺ ጓደኛ የምትመርጪው እኔ ባል እንደመረጥሁት ነዋ!"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የእሳቸው ባል ጨው ላምጣ ብሎ ወደ አፋር እንደወረደ የቀረው በደርግ ጊዜ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን አፈሩን ከነጠላዬ ማራገፍ አቃተኝ። አሮጊቷ ናቸው አራግፈው ያስነሱኝ።

ሣሩ አልቋል። ታኅሣሥ ሊከፈት የነበረው በኅዳር መሬቱ ታየ። አጎቴ ዋስ ስለሆነ ከብቶቹን መጨረሻ ነው ያስገባው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የደረሰው አቧራ ብቻ ነው።

አኩርፎኛል ወይ ብለሻል። አላኮረፈም። አንዲት ጥያቄ ግን እኔ ጠይቄሽ ዘለልሻት። ተመልሰሽ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እዪ።

ራቢያ


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ራቢዬ፣

ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄአለሁ። ይኼ አራተኛው ነው፤ ሳላነበው ልፖስተው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አለቃዬ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት፤ ጅል ነኝ። "አንቺ ሄደሽ አፈር ካለበስሽ ድርጅቱ አጠፋሁ አለ ማለት ነው። ነገ ሌላው መንደር ሁሉ አመድ ቆፍሮ ይጠራናል" አለኝ። ባህል ነው ብለው ልብሳቸውን ቀይረው ከበሮ ሲመቱ ፎቶ እናነሳለን፤ ባህል ነው ብለው ነይ ሲሉኝ ግን የሕግ ጉዳይ ሆነ። ይህን ለእሱ አላልኩትም። ላንቺ ነው የምለው።

ከሌላ ከምትሰሚ ከእኔ ብትሰሚ ይሻላል፦ የወሎ መስመር ኃላፊ አድርገውኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ልነግርሽ ፈርቼ ነው የቆየሁት። የዞብሉ ጉዞ ሥዕል በጣም ተወዶ ነው፣ ውሸት ምን ይሠራል። ግን አስቢው፦ ኃላፊ መሆኔ ጥሩ ነው። ከውስጥ ሆኜ አስተካክለዋለሁ። በመጪው ዓመት ድንኳን ጠጠሩ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚተከለው፤ እኔ ነኝ የምወስነው። አንቺንም ወደ ሥራሽ እመልስሻለሁ።

እናቴ ደም ግፊቷ ተነስቶባት ሆስፒታል ነበረች፤ አሁን ይሻላታል። የወንድሜን የትምህርት ቤት የምከፍለው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ይህን የምልሽ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም ሰበብ እንዲሆነኝ ነው፣ አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ። ቅዳሜን ለብቻዬ ሰርቄ፣ ለማንም ሳልናገር።

አጎታችንን ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ፍሬ


ቆቦ፣ የካቲት 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ፍሬዓለም፣

ጥምቀትም አለፈ። እናትሽን አላህ ይማርልኝ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

ሮቢት ገበያ ወርጄ ነበር። ሰው በሬ እየነዳ ይመጣል፣ ገመዱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሙላው የሚባለው የአጎቴ ጎረቤት ጥንዱን ሸጦ ሲመለስ ገመዱን አንገቱ ላይ አድርጎታል። "ምነው?" ብዬ ብጠይቀው "እንዳልረሳው ነው፤ ለከርሞ የሚጠመደው ይኼ አንገት ነው" አለኝ። ቀልዶ መሆኑ ነው። የሳቀለት ሰው አልነበረም።

አጎቴ በሬዎቹን አልሸጠም። የዞብልን ጀርባ ይዞ ወደ አፋር ቆላ ወርዷል፤ እዚያ ከአባቱ ጀምሮ ወዳጆች አሉት፣ ሣር አያጣም ብለን ነው። ከመውረዱ በፊት ያደረገውን ስሚ። ነፋሱ አመዱን እንዳይበትነው የግራር እሾህ ቆርጦ ዙሪያውን አጠረው። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት፤ እጁ ደምቶ ነበር።

"ማልበስ አይፈቀድልኝም፤ መጠበቅ ግን ማንም አልከለከለኝም" አለ።

"አትመጣም፣ አጎቴ" አልኩት።

"ትመጣለች። ከቤቴ ወተት ጠጥታ የወጣች ልጅ ናት።"

"ወተት ጠጥተው የከዱ ስንት አሉ!"

"ራቢያ፣ አንቺ እኮ ስትናደጂ ከእናትሽ ትብሻለሽ" ብሎ ሳቀብኝ። "ትመጣለች ማለት ምን ያከስረኛል?"

እኔን ከሰዉ ፊት አንድ ቀን አልገሠጸኝም። ሸንጎ ሲጠራ አሁን እሱን አይጠሩትም፤ ዋስነቱ የወደቀበት ሰው ነውና። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሌሎቹን ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ "ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ እንዳልሰማ ነው" አለኝ። ያን ያለ ጊዜ ለምን ቢሮ ሄጄ ወንበር እንዳልሰበርኩ ይገርመኛል።

በልጉ አልጣለም። ዝናብ ቢመጣ ኖሮ አመዱን አጥቦት ነበር፤ አገሩን ያደረቀው ድርቅ ላንቺ ጊዜ ሰጠሽ። አየሽ፣ አሁን ለአንቺ ብዬ በድርቅ ደስ ሊለኝ ምን ቀረኝ?

ከዚህ በኋላ ያለው ቀጠሮ የማይገፋው ነው። ሰኔ ሠላሳ ወረ ሳዶ ለመሐላው ይሰበሰባል። ክረምቱ ሳይገባ።

ራቢያ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ራቢዬ፣

መልስ ከነፈግሽኝ ግማሽ ዓመት የሆነ ይመስለኛል። መጋቢት ጽፌልሽ ነበር፣ በፋሲካም ጽፌልሽ ነበር። ታመሽ ነው? በላይነሽን ደውዬ ብጠይቃት "ደህና ናት፣ ግን ዝም ብላለች" አለችኝ፤ ሌላ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከሌላ ሰው እጅ እንዳታዪው ብዬ ነው። የመጪው ወቅት ማስታወቂያችን ነው። የፊት ገጹን አይተሽ አትናደጂ መጀመሪያ፤ እዪው ብቻ። አጎታችን በትሩን ይዞ ሜዳው ላይ ቆሞ፣ ከጀርባው አረንጓዴው፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ። እንዴት ያለ ግርማ ነው ያለው! ሥር የተጻፈውን "እንግዳን በደስታ የሚቀበል ሕዝብ" የሚለውን እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ፎቶውን ግን እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ያኔ ወተት የጠጣን ዕለት። ፈቃዱን አልጠየቅነውም፤ አሁን ጠይቂልኝ። ከፈቀደ በአዲሱ ዓመት ከእንግዶቹ ጋር ንግግር እንዲያደርግም ፈልገዋል። አንቺም መሪ ሆነሽ እንድትመለሺ አስፈቅጃለሁ። አቶ ተዋቸው ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ሰምተሻል መቼም።

ለመስከረም መጨረሻ ቦታው ሞልቷል። በቤተሰብ፣ ከልጆች ጋር ሳይቀር ነው የሚመጡት። አንቺ ስታወሪልኝ የነበረው እንዲህ አልነበረም? ክረምቱ ሲወጣ ሰው ከከተማ ወጥቶ በእግሩ እየሄደ አገሩን ሲያይ?

ሰኔ ሠላሳ እመጣለሁ። የዓመት ፈቃዴን አስፈርሜአለሁ፣ የት እንደምሄድ አልነገርኳቸውም። ከወልድያ የሚነሳውን የጠዋት አውቶቡስ እይዛለሁ። መናኸሪያው ጠብቂኝ። ነጩን ጫማዬን አላደርግም።

ለአጎታችን ንገሪው፤ በእርግጥ ትመጣለች በይው።

ፍሬ


ቆቦ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ፍሬዓለም፣

ለምን እንደቀረሽ የዘረዘርሽበት ሦስት ገጽ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ። ከአዲስ አበባ ድንገት የመጡት እንግዶች፣ አለቃሽ፣ የተሰረዘው ፈቃድ። እያንዳንዱ እውነት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

"አጎታችን ምን አለ?" ብለሽ ጨርሰሻል። ምንም አላለም። መጋቢት ላይ ሞቷል፤ አላህ ይርሐመው።

ቆላ በወረደ በወሩ ወባ ያዘው። በሬዎቹ ከእሱ ቀድመው አለቁ፤ ተስፋ ያደረግንበት ሣር እዚያም አልነበረም። አፋሩ ወዳጁ ቤት ነው የሞተው፣ እዚያው ተቀበረ። ወዳጁ ዞብልን አቋርጦ መጥቶ በትሩን ሰጠኝ። ያን በትር ታውቂዋለሽ፤ ማስታወቂያችሁ ላይ አለ።

እስካሁን ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ብነግርሽ ለቅሶ ትመጪ ነበር። ጥቁር ለብሰሽ፣ ከመናኸሪያው ጀምረሽ እያለቀስሽ፣ ሁሉም "ምን ያለች ሩኅሩኅ ናት" እያለሽ። እኔ ለለቅሶ እንድትመጪ አልፈለግሁም። ለአመዱ እንድትመጪ ነበር የፈለግሁት። አጎቴም የጠበቀሽ ለዚያ ነው። በላይነሽንም ዝም እንድትል ያስማልኳት እኔ ነኝ።

ሰኔ ሠላሳ መናኸሪያው ነበርኩ። የወልድያው አውቶቡስ መጣ፤ ነጋዴ ወረደ፣ ወታደር ወረደ፣ ራሷን የጠቀለለች አንዲት ሴት ወረደች፤ አንቺን መስላኝ ሮጥኩ። መምህርት ናት፣ አዲስ ተመድባ የመጣች፤ "መኝታ ያለበት ታሳዪኛለሽ?" አለችኝ። አሳየኋት። ሁለተኛው አውቶቡስ መጣ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አልነበረም፣ እኔ ግን ቆሜ ነበር።

ወረ ሳዶ ስደርስ ሰዉ ሁሉ ሜዳው ላይ ነበር። ከየቤቱ አንድ ሰው፣ እንደ ደንቡ። የእሾሁን አጥር ከፍተውልሽ ነበር፤ አንድ አካፋና ጥቂት የተቆፈረ ለስላሳ አፈር አጠገቡ አዘጋጅተዋል፣ እጅሽን ድንጋይ እንዳይጎዳው። ይህን ያደረጉት እማማ የሻረግ ናቸው። ያ ሁሉ ስድባቸው! ብቻዬን ስመጣ አዩኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

"ትንሽ እንቆይላት፤ መኪና ይበላሻል" አሉ እማማ የሻረግ።

ቆየን። ደመናው ከበስተ ምዕራብ ከደጋው ወረደ፣ በአንድ ጊዜ። ዓመቱን ሙሉ የለመንነው ዝናብ ያን ቀን መጣ። ሰው ዝናብ መጣ ብሎ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። አመዱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ከዚያ በቀጭኑ ወደ ታች፣ ወደ ጠጠሩ ሜዳ መፍሰስ ጀመረ። እኔ በእጄ ልገድበው ሞከርሁ። እውነቴን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት በጭቃ ላይ ተንበርክካ አመድ ስትገድብ ነበር።

ሙላው "ሰማይ አለበሰው እንበል" አለ።

"ሰማይ አልለኮሰውም" አሉት እማማ የሻረግ። ሣር የያዘው ሁሉ ሣሩን ጣለ። የቋጠረ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ ላልሽው፦ ሜዳው የለም። በሦስተኛው ቀን ሙላው ከዘመዱ በተዋሰው በሬ መጥቶ ጠርዙን አረሰ። ሌላው አይቶ በማግስቱ መጣ። መሐላ የሌለበት መሬት ለቀደመ ሰው ነውና በገመድ ተከፋፈሉት፤ በገመዱ አንድ ጠብ ተነስቶ ሰው ቆስሏል። አሁን ከላይ እስከ ታች ማሽላ ነው የተዘራበት። ወፎቹ ሄደዋል። በመስከረም መጨረሻ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እንግዶችሽ ድንኳን የሚተክሉበት አረንጓዴ ሥዕል የለም። ጠጠሩ ሜዳ ግን አለ፤ የኖራ ምልክቴም አልጠፋም።

ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። ከአሁን በኋላ የምታደርጊው ምንም የለም። አመዱ የለማ። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ነገር ማድረግ የምትችይው አንቺ ብቻ ነበርሽ። በምድር ላይ አንቺ ብቻ።

ጩኸቴን ሰምተሽ ነበር ወይ ብዬም አልጠይቅሽም። እስካሁን ዝም ያልሽው በቂዬ ነው።

አሁን እኔ የማልቀበለውን ስሚ። የአጎቴን ፊት ከማስታወቂያችሁ ላይ አንሺ፤ እንግዳ በደስታ ተቀብሏል፣ ከፍሎበታል፣ ከእንግዲህ ቆሞ አይቀበልላችሁም። መሪ ሆነሽ ተመለሺ የምትይኝን አልቀበልም፤ ሕዝቤን የምለምንበት አፍ የለኝም፣ የነበረኝ አንድ ዋስ ተቀብሯል። "ባህሉን አላሳወቀችንም" የሚለውን የስንብት ቃል አልቀበልም፤ ሜዳው ላይ ቆሜ፣ ነፋስ እያለ፣ በሙሉ ድምፄ አሳውቄአለሁ። ተስፋ የለኝም ማለት ግን ዝም እላለሁ ማለት አይደለም። እዚሁ ቆቦ ነኝ። መስከረም ላይ እንግዶቻችሁ ሲመጡ መንገዱ ላይ እቆማለሁ፤ እሳቱን ማን እንደለኮሰ በስም እነግራቸዋለሁ።

ይቅርታሽንም አልቀበልም። ስድስት ደብዳቤ ሙሉ ይቅርታ አለኝ፣ ትራሴ ሥር ነው ያለው፤ አንዱም እፍኝ አፈር አይሞላም። ፖስታ ቤት ለምትሠራው ለጥሩወርቅ ነግሬአታለሁ፤ ከእንግዲህ በስምሽ የሚመጣውን ሳትከፍት ትመልሰዋለች።

በወረቀት ይቅርታ አልቀበልም።

ራቢያ